ከቁፋሮ የወጣን ከሰል መርምሮ የጥንቱን የእንጨት አጠቃቀም ማወቅ፦ ከጉድጓዱ እስከ ማይክሮስኮፑ

የዚህ ሥራ ውድቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ማይክሮስኮፑ ፊት ከመቀመጥ በፊት ነው። ከሰሉ በጉዞ ላይ ዱቄት ይሆናል፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ የሚነግረው ወረቀት ይረጥባል፣ ወይም ተመራማሪው ለማወዳደሪያ አንድም የታወቀ እንጨት ሳያከስል ምርመራውን ይጀምራል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በሐዋሳ ተቀምጠው በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በወላይታ ወይም በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዙሪያ ከሚካሄድ ቁፋሮ የመጣ ከሰል ለሚመረምሩ ተማሪዎችና የመስክ ረዳቶች ሲዘጋጅ ከሁሉ ይበልጥ በቅድመ ዝግጅቱ ላይ ያተኩራል።

አንድ ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። ናሙና ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ መላክም ፈቃድ ስለሚጠይቅ የዕድሜ ልኬት ካሰቡ ጥያቄውን ከቁፋሮው በፊት ያቅርቡ።

ደረጃ 1፦ የማወዳደሪያ ስብስብ ያዘጋጁ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ዘልለው የተሳካላቸው ግን የሉም ማለት ይቻላል። የታወቀ እንጨት ከስሎ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ያልታወቀውን ሊለይ አይችልም።

1. እንጨቱን ከቆመ ዛፍ ይውሰዱ። ቅጠሉን፣ ከተገኘም አበባውን ወይም ፍሬውን አብረው ይቁረጡና በጋዜጣ መካከል ተጭኖ እንዲደርቅ ያድርጉ። የዛፉን ማንነት የሚያረጋግጠው ይህ የደረቀ ናሙና እንጂ የመንገድ መሪዎ ቃል ብቻ አይደለም። ለማረጋገጥ ወደ ወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ መሄድ ለሐዋሳ ነዋሪ ቅርብ ነው።

2. ከአንድ ዛፍ ሁለት ቁራጭ ይውሰዱ፤ አንዱ ከግንዱ ወይም ከወፍራም ቅርንጫፉ፣ ሌላው ከቀጭን ቅርንጫፉ። የሁለቱ አወቃቀር በአንድ ዛፍ ውስጥ እንኳ ይለያያል፤ በጥንት ምድጃ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ቀጭኑ ነው።

3. ሰው ከሚያነደውና ከሚሠራበት ይጀምሩ፦ ከግራር ዓይነቶች፣ ከወይራ፣ ከጥድ፣ ከዝግባ፣ ከዋንዛ፣ ከብሳና፣ ከሾላ፣ ከዋርካ፣ ከዶቅማ፣ ከክትክታ፣ ከአጋም፣ ከደጋው ከኮሶ። ቀርቀሃና እንሰትን አይርሱ። በቅርብ ዘመን የገቡትን ባሕር ዛፍን፣ ግራቪሊያንና የፈረንጅ ጥድን ማካተትም ግዴታ ነው፤ ምክንያቱ በደረጃ 6 ይታያል።

4. እንጨቱን በጥላ ለሳምንታት ካደረቁ በኋላ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጎን ወዳለው ቁራጭ ይቁረጡት፣ በአሉሚኒየም ፎይል ደራርበው ይጠቅልሉት፣ በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ውስጥ በደረቅ አሸዋ ይቅበሩትና በላቦራቶሪ እቶን በ400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ፈጽሞ አይክፈቱት፤ ትኩስ ከሰል አየር ሲያገኝ ይቀጣጠላል።

የቁራጩ መሐል ቡናማ ሆኖ ከተገኘ አልከሰለም ማለት ነውና ጠቅልለው ይመልሱት። ጠርዙ ነጭ አመድ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ አሸዋውን ይጨምሩ። እቶን ከሌለ ወይም መብራት የሚቋረጥ ከሆነ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በአሸዋ ሞልተው በውጭ፣ በከሰል ፍም ላይ ማክሰል ይቻላል። ነገር ግን ጋዙ መውጫ እንዲያገኝ ክዳኑን በሚስማር ይብሱ፤ ድፍን ቆርቆሮ ይፈነዳል። በዚህ መንገድ የከሰለ ናሙና ሙቀቱ ስላልተለካ ይህንኑ በመዝገቡ ላይ ይጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከገበያ የተገዛ ከሰል ማወዳደሪያ አይሆንም። ሻጩ «የግራር ነው» ቢልዎትም በጆንያው ውስጥ ሦስትና አራት ዓይነት እንጨት ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። «ጥድ» የሚለው ስምም ብቻውን አይበቃም፤ በየግቢው አጥር የተተከለው ብዙውን ጊዜ የፈረንጅ ጥድ ነው።

ደረጃ 2፦ ናሙናውን ከጉድጓዱ ያንሡ

በመጀመሪያ ከሰሉ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንዳለ ይለዩ። በመኖሪያ ወለሉ ላይ ተበትኖ የሚገኘው ከሰል ከብዙ ዘመን ማገዶ የተጠራቀመ ስለሆነ ሰዎቹ በአጠቃላይ ምን ያነዱ እንደነበር ያሳያል። በምድጃ ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘው ግን የመጨረሻዎቹን ጥቂት እሳቶች ብቻ ይነግራል። በምሰሶ ጉድጓድ ውስጥ ያለው የቤት ዕቃ ወይም የግንባታ እንጨት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ከረጢት ካስገቡ በኋላ በምንም ዘዴ መልሰው ሊለዩአቸው አይችሉም።

1. ከእያንዳንዱ ንብርብር ከ20 እስከ 40 ሊትር አፈር እንዳለ ይውሰዱ። ምድጃ ከሆነ ትንሽ ቢሆንም ሙሉውን ይውሰዱ።

2. በዓይን የሚታይ ትልቅ ቁራጭ ሲያጋጥም በካዞላ ዙሪያውን ቆፍረው ከነአፈሩ ያንሡትና በፎይል ይጠቅልሉት። በጣት ጎትተው አያውጡት። በእጅ የተለቀመ ብቻ ግን ለጥናቱ አይበቃም፤ ዓይን ትልልቁን ስለሚመርጥ በቀላሉ የሚሰባበሩት እንጨቶች ከቆጠራው ይወጣሉ።

3. መለያ ወረቀት ሁለት ያድርጉ፣ አንዱን ከውስጥ አንዱን ከውጭ፤ የሚጻፈውም በእርሳስ ይሁን። የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥብ አፈር ውስጥ ይሟሟል።

4. በመስክ ላይ አይጠቡት፣ በሙጫ አያጠንክሩት፣ እርጥቡን በፀሐይ አያስጡት። በድንገት የደረቀ ከሰል ይሰነጣጠቃል።

በስምጥ ሸለቆው ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገበሬው መሬቱን ለእርሻ ሲመነጥር ጉቶ ያቃጥላል፣ ከሰል አክሳዩም ግራሩን ቆርጦ እዚያው ያከስላል፤ ጉቶው ሲነድ ደግሞ ሥሩ እየተከተለ ወደ ጥንቱ ንብርብር ይወርዳል። ከሰሉ ከላይ ወደ ታች በመስመር የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም አፈሩ የፍልፈል ጉድጓድ የሚመስል ክብ ልዩነት ካሳየ፣ ያን ክፍል ለብቻው ያንሡና በመለያው ላይ «የተረበሸ» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ በውኃ ያንሳፍፉ

አፈሩን በደረቁ በወንፊት መንፋት ከሰሉን ይፈጫል፤ ስለዚህ በውኃ ማንሳፈፍ ይመረጣል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሁለት ባልዲ፣ ቀዳዳው ከ0.25 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊትና በቂ ውኃ ይበቃል። አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ትናንሽ ዘሮችን ያሳልፋል። የሐይቅ ውኃ ከተጠቀሙ አስቀድመው በዚያው ጥሩ መረብ ያጥሉት፤ አለዚያ ዛሬ የበቀለው ነገር ከጥንቱ ጋር ይደባለቃል።

1. አፈሩን በሊትር ይለኩና ይመዝግቡ። ይህ ቁጥር ከጠፋ ንብርብርን ከንብርብር ማወዳደር አይቻልም።

2. ባልዲውን እስከ ግማሹ በውኃ ሞልተው ሁለት ወይም ሦስት ሊትር አፈር ቀስ አድርገው ይጨምሩ። አፈሩን በውኃው ላይ እንጂ ውኃውን በአፈሩ ላይ አያፍስሱ።

3. በእጅ በዝግታ ያማስሉ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይታገሡ፣ የተንሳፈፈውን በመረቡ ላይ ያፍስሱ። ምንም የሚንሳፈፍ እስኪያጣ ይደጋግሙ።

4. የዘቀጠውን በአንድ ሚሊ ሜትሩ ወንፊት ያጥቡና ለብቻው ያድርቁ። ፈጽሞ አይጣሉት።

ዝቃጩን መጣል በዚህ ሥራ ከሚደርሱት ጥፋቶች ሁሉ ውጤቱን እጅግ የሚያዛባው ነው። እንደ ወይራና ግራር ያሉት ከባድ እንጨቶች ከሰላቸውም ከባድ ስለሆነ አፈር ካዘለው ከሰል ጋር አብሮ ይዘቅጣል። ተንሳፋፊውን ብቻ የቆጠረ ሰው የጥንቱ ማኅበረሰብ ቀላል እንጨት ብቻ ያነድ ነበር ብሎ ይደመድማል፤ ይህም የባልዲው ውጤት እንጂ የታሪኩ አይደለም።

በሐዋሳ አካባቢ ደግሞ ችግሩ በሌላ በኩልም ይመጣል። መሬቱ የእሳተ ገሞራ ውጤት በመሆኑ በአፈሩ ውስጥ ያለው ቀላል ባለቀዳዳ ድንጋይ ከከሰሉ ጋር ይንሳፈፋል፣ መረቡን ይሞላል፣ በመናወጥም ከሰሉን ይፍቃል። ይህ ሲያጋጥምዎ በአንድ ጊዜ የሚጨምሩትን አፈር ወደ አንድ ሊትር ይቀንሱ፣ መረቡን ቶሎ ቶሎ ይለውጡ፣ ተንሳፋፊው እርጥብ ሳለ በጣት ለመልቀም አይሞክሩ፤ ከደረቀ በኋላ በወረንጦ ይለያል። በዝቃጩ ውስጥም የኦብሲዲያን (የእሳተ ገሞራ መስታወት) ስባሪ ስለሚኖር ጓንት ሳያደርጉ አይማስሉ፤ እንደ ምላጭ ይቆርጣል።

ሸክላማ አፈር አልፈታ ካለ ለአንድ ሌሊት በውኃ ይዘፍዝፉት። ትንሽ የመጋገሪያ ሶዳ መጨመር ይረዳል፤ ነገር ግን ለዕድሜ ልኬት የታሰበ ናሙና ላይ ምንም ዓይነት ኬሚካል አይጨምሩ።

ደረጃ 4፦ ያድርቁና ይለዩ

በጥላ፣ ነፋስ በማይበትነው ቦታ፣ በጨርቅ ላይ ያድርቁ። በክረምት ብዙ ቀናት ስለሚወስድ በሻጋታ እንዳይያዝ በየዕለቱ ይመልከቱት። ከደረቀ በኋላ በ4 እና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይለዩ። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ብዙውን ጊዜ ለምርመራው የሚያስፈልጉት ሦስት ገጾች (ደረጃ 5) አይወጡትም፤ ከእንጨት ከሰሉ ምርመራ ይወጣል እንጂ ዘር ስለሚኖርበት አይጣልም።

ደረጃ 5፦ ይስበሩና ሦስቱን ገጾች ይመልከቱ

የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ ብርሃኑን ከላይ የሚያበራ፣ ከ50 እስከ 500 እጥፍ የሚያጎላ ነው። ብርሃን ከሥር የሚያሳልፈው የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ ለዚህ አያገለግልም፤ ከሰል ብርሃን አያሳልፍምና። እንዲህ ያለ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ማዕድን በሚመረምር የጂኦሎጂ ክፍል ወይም ብረት በሚመረምር የምህንድስና ክፍል ውስጥ ስለሆነ አዲስ ከመጠየቅ በፊት እነዚያን ክፍሎች ያንኳኩ።

1. ቁራጩን ሳይሰብሩ ይመዝኑ፣ ፎቶ ያንሡ። ከተቻለ አንዱን ጫፍ ሳይነካ ያስቀሩ።

2. አግድም ገጽ፦ በቃጫው ላይ በአዲስ ምላጭ ጭረት ያድርጉና በጣትዎ ይቀንጥሱት። አይቁረጡት፤ የተቆረጠ ገጽ ስለሚላቆጥ ሕዋሳቱ አይታዩም።

3. የጨረር ገጽ፦ በአግድሙ ገጽ ላይ ከመሐል ወደ ቅርፊት የሚዘረጉትን ጨረሮች ፈልገው ምላጩን በእነርሱ አቅጣጫ ያስቀምጡና ቀስ ብለው ይጫኑ። ራሱ ይሰነጠቃል።

4. የቅርፊት ገጽ፦ ምላጩን ከጨረሮቹ ጋር በቀጥታ በሚሻገር አቅጣጫ ያስቀምጡና እንዲሁ ይሰንጥቁ።

5. ቁራጩን በትንሽ ሳህን ደረቅ አሸዋ ውስጥ ይትከሉትና የሚታየውን ገጽ አግድም ያስተካክሉ። አቧራውን በጎማ መንፊያ ያራግፉ፤ በአፍ መንፋት እርጥበት ይጨምራል።

6. አግድሙን ገጽ ከ50 እስከ 100 እጥፍ፣ ሁለቱን ቁመታዊ ገጾች ከ200 እስከ 500 እጥፍ አጉልተው ያዩትን ሁሉ ስም ከማሰብዎ በፊት ይጻፉ።

ቁራጩ ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ በብዛት አልደረቀም ማለት ነው፤ ለጥቂት ቀናት ይተዉት። ገጹ በኖራማ ቅርፊት ከተሸፈነ አሲድ ከመጠቀም ይልቅ እንደገና ይስበሩት፤ አዲሱ ስብራት ንጹሕ ይሆናል። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭና ሕዋሱ የቀለጠ የሚመስል ክፍል ካጋጠመዎ «የቀለጠ፣ የማይለይ» ብለው ይቁጠሩት፤ ይህ ብቻውን የከፍተኛ ሙቀት ማስረጃ ስላልሆነ «የብረት ማቅለጫ ነበር» የሚል ድምዳሜ አይገንቡበት።

ደረጃ 6፦ ስም ይስጡ፣ ከማስረጃው አይለፉ

በሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠይቁ።

በመጀመሪያ፣ በአግድሙ ገጽ ላይ ጨረር የለም፣ ውኃ የሚያስተላልፉት የቧንቧ ስብስቦችም በለስላሳ ሕዋስ መካከል ተበትነው ይታያሉ? እንዲህ ከሆነ እንጨት አይደለም፤ የቀርቀሃ፣ የዘንባባ ወይም የእንሰት ወገን ይፈልጉ።

ቀጥሎ፣ ቧንቧ ቀዳዳ ፈጽሞ የለም፣ ሁሉም ሕዋስ ትንሽና ተመሳሳይ በረድፍ የተደረደረ ነው? እንግዲያው ጥድ ወይም ዝግባ፣ በቅርብ ዘመን ከሆነም የፈረንጅ ጥድ ነው። በጥድ ላይ የዕድገት ቀለበቱ ከዝግባው ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ቁርጡ ፍርድ ግን የሚሰጠው በጨረር ገጹ ላይ፣ ጨረሩና ቁመታዊው ሕዋስ በሚሻገሩበት ቦታ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከማወዳደሪያዎ ጋር በማስተያየት ነው። ያ ክፍል ካልታየ «ጥድ ወይም ዝግባ» ብለው ይተዉት።

ቧንቧ ካለ፣ አቀማመጡንና በዙሪያው ያለውን ፓረንካይማ (ምግብ የሚያከማች ቀጭን ግድግዳ ያለው ሕዋስ) ይመልከቱ። ሰፋፊ የፓረንካይማ ሰቆች ከቃጫ ሰቆች ጋር እየተፈራረቁ ከታዩ፣ ቧንቧዎቹም ትልልቅና ጥቂት ከሆኑ፣ የሾላና የዋርካ ወገን ነው። ቧንቧዎቹ ትናንሽ፣ ብዙና በጨረሩ አቅጣጫ በአጭር ሰልፍ የቆሙ ከሆኑ ወይራን ያስቡ። ትላልቅ ቧንቧዎች በወፍራም ፓረንካይማ ተከብበው፣ በቁመታዊው ገጽም በረድፍ የተደረደሩ ክሪስታሎች ከታዩ ግራር ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ ትልቅ ቀዳዳ ያየ ተማሪ ሁሉ ግራር ብሎ መጻፍ ስለሚቀናው በሠንጠረዦች ውስጥ ያለው ግራር በምድር ላይ ከነበረው ሳይበልጥ አይቀርም። ግራርን ከወገኑ አልፎ በዝርያ ለመሰየም ከሰል ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አያስችልም።

ቧንቧዎቹ ሁሉ ነጠላ ነጠላ ሆነው በሰያፍ የተሰለፉ፣ ጨረሮቹም ቀጫጭን ከሆኑ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስለሆነ ከሺህ ዓመት በፊት ነው በተባለ ንብርብር ውስጥ አንድ ቁራጭ እንኳ ከተገኘ ንብርብሩ ተረብሿል ወይም ናሙናው ተደባልቋል። ቁራጩን ደብቆ መቁጠሩን ከመቀጠል ይልቅ ወደ መስክ መዝገቡ ተመልሰው ምንጩን ይፈልጉ። የማወዳደሪያ ስብስቡ የቅርብ ዘመን ዛፎችን የሚጨምረውም ለዚህ ነው።

ለገለጻው የግል ቃላት አይፍጠሩ። የዓለም አቀፉ የእንጨት አናቶሚስቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ባለ 163 ባሕርያት ዝርዝር የሰፊ ቅጠል ዛፎችን ለመግለጽ መደበኛ ሲሆን፣ «ኢንሳይድ ውድ» የተሰኘው የበይነ መረብ ማከማቻም በእነዚሁ ቁጥሮች ይፈለጋል። ሆኖም እዚያ ያሉት ልኬቶች የተወሰዱት ካልከሰለ እንጨት ነው። እንጨት ሲከስል ስለሚኮማተር የቧንቧውን ስፋት በቀጥታ አያወዳድሩ፤ ቀለም፣ ሽታና ጥንካሬም ከማስረጃነት ወጥተዋል።

ደረጃ 7፦ ይቁጠሩ

ቁራጮቹን በካሬ በተከፋፈለ ትሪ ላይ ዘርግተው ካሬዎቹን በዕጣ ይምረጡ፤ ዓይንዎ የወደደውን አይልቀሙ። ከአንድ ናሙና ቢያንስ 100 ቁራጭ መለየት የተለመደ መነሻ ነው፤ የዛፍ ዓይነት በሚበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር ግን ከዚህ ማለፍ ይገባል። መቼ እንደሚያቆሙ ለማወቅ በእያንዳንዱ 10 ቁራጭ ስንት አዲስ ዓይነት እንደተጨመረ በግራፍ ላይ ያስፍሩ፤ መስመሩ መውጣቱን ካቆመ ይበቃል። ከ4 ሚሊ ሜትሩም ከ2 ሚሊ ሜትሩም ይውሰዱ።

ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከስሙ ሌላ ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ የቀለበቱ ጥምዘት (ጠንካራ ጥምዘት ቀጭን ቅርንጫፍን፣ ደካማው ወፍራም እንጨትን ያሳያል)፣ በቧንቧ ውስጥ የከሰለ የፈንገስ ክር መኖር አለመኖሩ (ካለ የሞተ ወይም የበሰበሰ እንጨት የተለቀመ ሊሆን ይችላል)፣ የነቀዝ ጉድጓድ መኖር አለመኖሩ። እነዚህን በኋላ ልመለስበት ብሎ መተው ቁራጩን እንደገና መስበር ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ለዕድሜ ልኬት የሚሆነውን ይምረጡ

ሳይለዩ አይላኩ። የሬዲዮካርቦን ልኬት የሚነግረው ቀለበቱ ያደገበትን ዘመን እንጂ እንጨቱ የነደደበትን ቀን አይደለም። ጥድና ወይራ ለመቶ ዓመታት ስለሚኖሩ ከመሐል ግንዳቸው የተወሰደ ከሰል ምድጃውን ከእውነተኛው ዕድሜ በእጅጉ ያስረጀዋል፤ ከአሮጌ ቤት የተነቀለ ምሰሶ ሲነድም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ቅርፊቱ ያልተላጠ ቀጭን ቅርንጫፍ፣ ቁጥቋጦ ወይም የከሰለ ዘር ይምረጡ፣ ፎቶና ገለጻውን ያስቀሩ፣ በፎይል ጠቅልለው ይላኩ። ልኬቱ ቁራጩን ስለሚያጠፋው መመለሻ የለም። በጥጥና በወረቀት አይጠቅልሉ፤ ክራቸው ዘመናዊ ካርቦን ነው።

ደረጃ 9፦ ይተርጉሙ

የቁራጮች ብዛት የዛፎች ብዛት አይደለም። አንዱ እንጨት ሲነድ አንድ ሺህ ቦታ ይሰባበራል፣ ሌላው አመድ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ «60 በመቶው ግራር ነው» ከማለት ይልቅ ግራር ከስንት ናሙና ውስጥ በስንቱ እንደታየ ይቁጠሩ፤ ይህ ቁጥር የተሻለ ይታመናል። ዘመንን ከዘመን ሲያወዳድሩም ወለልን ከወለል፣ ምድጃን ከምድጃ ያወዳድሩ።

የአንድ ዛፍ አለመገኘት አለመኖሩን አያረጋግጥም። ዛፉ ለጥላ፣ ለፍሬ ወይም ለአምልኮ ተከብሮ ሳይነድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ዋርካ ዛሬም በብዙ ቦታ እንዲህ ነው። በተቃራኒው የእንጨት ከሰል የጠፋበት አመዳም ንብርብር እሳት አልነበረም አያሰኝም፤ ኩበት ሲነድ የሚተወው አመድና የተቃጠለ ሣር ነው። እንዲህ ያለ ንብርብር ሲያጋጥምዎ ተንሳፋፊውን ለሣር ዘር፣ አመዱን ደግሞ ለኩበት ምልክት ለሚመረምር ባለሙያ ያሳልፉ።

የደጋ ዛፍ በቆላ ምድጃ ውስጥ ሲገኝ ወዲያው ደኑ ወደ ታች ይወርድ ነበር አይበሉ። ቁራጩ ከምሰሶ ጉድጓድ ወይም ከተሠራ ዕቃ ከሆነ እንጨቱ በሰው ተሸክሞ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በተበተነ የማገዶ ከሰል ውስጥ በተደጋጋሚ ከታየ ግን፣ ማገዶን ከሩቅ የሚያመጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ዛፉ በአቅራቢያ ይበቅል እንደነበር የሚለው ግምት ይጠነክራል።

ምርመራው ሲያልቅ የተሰበሩትን ሦስት ገጾች በአንድ ትንሽ ጠርሙስ፣ ከመለያቸው ጋር ያስቀምጡ። ያልተመረመረውን ተረፈ ናሙና ለብቻው ያሽጉ፣ የሊትር መጠኑን፣ የንብርብሩን ቁጥርና የመርማሪውን ስም በእርሳስ ይጻፉና ፈቃዱ በሚያዘው ቦታ ያስረክቡ።